ተቀምጠው የሚለኩት ሱሪ

ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ የምናደርገው የታወቀ ነው። ቀጥ ብለን እንቆማለን፤ ሜትሩ ወገባችንን ይዞራል፤ ከዚያ በጎናችን ወርዶ ቁርጭምጭሚታችን ላይ ያበቃል። ለቢሮም ለሠርግም የሚሆን ሱሪ በዚህ ልክ ያምራል። በዚሁ ልክ የተሰፋ ሱሪ ለብሶ ፈረስ ላይ የወጣ ሰው ግን ብዙ ሳይርቅ ችግሩን ያውቀዋል። የሱሪው ጫፍ ወደ ጉልበቱ ይሰበሰባል፤ የውስጥ ስፌቱ ጉልበቱን ይፍቀዋል፤ ወገቡ ከኋላ ወርዶ ጀርባውን ያጋልጣል፤ ባዶውን የቀረውን ባቱን ደግሞ የእርካቡ ጠፍር ይቆነጥጠዋል። ከፈረሱ ሲወርድ እያነከሰ ነው። ጥፋቱ የልብስ ሰፊው አይደለም፤ የተለካው የቆመ ሰው እግር ስለሆነ ነው።

ይህ ጽሑፍ በተለይ ጁባ ውስጥ ሆነው ለጥር ወር ወደ አገር ቤት ለመግባት ለሚያስቡና እንጅባራ ላይ ፈረስ መቀመጥ ለሚመኙ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ይከበራል። ቀኑ የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድልም በዚሁ በጊዮርጊስ ዕለት የሆነ ነው። አባቶቹን ተከትሎ ለመጋለብ የሚሄድ ሰው ስለ ፈረሱና ስለ ኮርቻው ብዙ ይጠይቃል። ስለ እግሩ ልብስ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ በዓሉን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ጁባ ራሷ የፈረስ ከተማ አይደለችም። ይህ የሆነው ሕዝቡ ፈረስ ስላልወደደ አይደለም። የከብትና የፈረስ በሽታ የሆነውን ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በኢኳቶሪያ ብዙ ቦታ አለ፤ ለሰው የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣውም የዚሁ ዝንብ ንክሻ ሲሆን፣ ካጆ ኬጂ፣ የይና ታምቡራ በዚህ በሽታ ስማቸው የሚነሳ አካባቢዎች ናቸው። በዚህ ላይ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አለ፤ የታመመውን ፈረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፈረሰኛነት በሰሜን በኩል ከሚሴሪያና ከረዘጋት አረቦች ጋር የኖረ ሲሆን፣ ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ጁባ ውስጥ መጋለብ ማለት ቦዳ ቦዳ ላይ መውጣት ነው። የፈረስ ሱሪ አንጠልጥሎ የሚሸጥ ሱቅ እፈልጋለሁ ብሎ መንከራተት ጊዜ ማባከን ይሆናል። ያለው ምርጫ ወይ በልብስ ሰፊ ማሰፋት፣ ወይ ከናይሮቢ ማስመጣት፣ ወይ ሰልባጅ ክምር ውስጥ መፈለግ ነው። ናይሮቢ የንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ያላት፣ ፖሎ የሚጫወቱባት ከተማ ስለሆነች ዕቃው እዚያ አይጠፋም።

የእኔ ምክር ማሰፋት ነው። በኮኞኮኞ ገበያ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዘው የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች እጃቸው የተፈታ ነው፤ የጎደላቸው ቢኖር የፈረስ ሱሪ ምን እንደሚፈልግ የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነው። ያንን መንገር ደግሞ የእናንተ ድርሻ ነው።

ለመንገር መጀመሪያ ማወቅ ያለብን እግራችን ፈረስ ላይ ምን እንደሚሆን ነው። ጉልበት ሲታጠፍ በጉልበቱ ፊት ያለው ቆዳ ከርዝመቱ ከሲሶ በላይ ይለጠጣል። መቀመጫም እንዲሁ ነው፤ ስንቀመጥ ከወገብ እስከ ብሽሽት ያለው የኋላ ርቀት በግልጽ ይረዝማል፣ የፊቱ ደግሞ ያጥራል። ቆዳችን ይለጠጣል፤ ካኪ ግን አይለጠጥም። ያልተለጠጠው ጨርቅ ከአንድ ቦታ መሳብ አለበትና ከታች ከቁርጭምጭሚት፣ ከላይ ከወገብ ይስባል። የሱሪው ጫፍ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ወገቡ ወደ ታች የሚወርደው ለዚህ ነው። ጭን ወደ ጎን ሲከፈት ደግሞ አራት ስፌቶች የሚገናኙበት የብሽሽት ነጥብ ክብደታችንን ተሸክሞ ኮርቻው ላይ ይፋተጋል። ሱሪ የሚተረተረውም እዚያው ነው።

አባቶቻችን ይህን በጨርቅ ብዛት ፈትተውታል። ተነፋነፍ ሱሪ ከዳሌ እስከ ጉልበት ሰፊ ሆኖ ከጉልበት በታች ባትን ይዞ የሚወርደው እንዲያምር ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ስፋት ጭን ሲከፈትና ጉልበት ሲታጠፍ የሚጠየቀውን ጨርቅ ያበድራል፤ ከታች ያለው ጥበት ባት ከፈረሱ ጎን ሲጣበቅ መሃል የሚገባ እጥፋት እንዳይኖር ያደርጋል። በሕንድ አገር የጆድፑር ፈረሰኞች የለበሱትም በዚሁ መላ የተሠራ ሱሪ ነው። የጆድፑሩ መስፍን ሰር ፕራታፕ ሲንግ በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ ለንደን ሲሄዱ ሱሪው በእንግሊዞች ዘንድ ዝና አገኘ ይባላል። ክቡር ዘበኛ ፈረሰኞችም በዘመናቸው ጭኑ የተነፋ ሱሪና ረጅም ቦት ጫማ ይለብሱ ነበር። እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ክር አሜሪካ ውስጥ በዱፖን ኩባንያ የተፈለሰፈው በ1958 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ከላይም ከታችም ጥብቅ ብሎ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ የፈረስ ሱሪ እየተለመደ የመጣው።

ስለዚህ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሁለት መንገድ አላችሁ። የሚለጠጥ ጨርቅ ካገኛችሁ ጠበብ አድርጋችሁ አሰፉ፤ ተራ ካኪ ወይም ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ግን ጭኑን እንደ ተነፋነፍ አስፉት። በካኪ ጨርቅ ጠባብ ሱሪ ማሰፋት ከሁለቱም የከፋው ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የምትለኩት ከቀትር በኋላ ይሁን፤ እግር ውሎ ሲያድር አይደለም የሚያብጠው፣ ውሎ ሲመሽ ነው፤ በጁባ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ፈረስ ላይ የምትለብሱትን የውስጥ ሱሪና ካልሲ አድርጉ። ከዚያ ልብስ ሰፊውን አግዳሚ ወንበር ጠይቁትና ኮርቻ ላይ እንደምትቀመጡ ግራና ቀኝ እግራችሁን ከፍታችሁ ተቀመጡበት። የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ተረከዛችሁን ዝቅ አድርጉ። ሜትሩ ከፊት ከእምብርት በታች ተነስቶ በብሽሽት አልፎ ከኋላ ወገብ ላይ ሲደርስ የሚነበበው ቁጥር የሱሪው መሃል ርዝመት ነው፤ ከቆማችሁበት ልክ ጋር አስተያዩትና ልዩነቱን ከኋላ በኩል ያስገባው። የፊቱን ወገብ ሳይነካ የኋላውን ብቻ ከፍ ማድረግ አለበት፤ ሁለቱንም እኩል ከፍ ካደረገ ፊት ለፊት ሆድ ላይ የሚጎረብጥ እጥፋት ይፈጠራል።

ርዝመቱም እንዲሁ ነው። በታጠፈ ጉልበት ላይ ሜትሩን ከዳሌ አጥንት በጉልበቱ ፊት አሳልፎ እስከ ቁርጭምጭሚት ይለካው። ይህ ልክ ስትቆሙ ሱሪውን ትንሽ ያረዝመዋል፤ ይርዘም። ቆሞ የሚያምር የፈረስ ሱሪ ፈረስ ላይ አጭር ነው።

ስፌቱን በተመለከተ ልብስ ሰፊው ሊቃወማችሁ ይችላል፤ የለመደውን የምትለውጡበት እዚህ ላይ ነውና በትዕግሥት አስረዱት። ተራ ሱሪ በውስጥ በኩል ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ ያለ ስፌት አለው። ያ ስፌት በጉልበት ውስጥ በኩል፣ ማለትም እግር ኮርቻውን በሚጨብጥበት ቦታ ላይ ያልፋል። ጂንስ ለፈረስ የማይሆነው በዚህ ነው፤ ስፌቱ ድርብ ስለሆነ ጉልበትንና ባትን እስኪልጥ ይፈጋል። ስፌቱን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙሮ ከሚጨብጠው ቦታ ማራቅ ይቻላል። በብሽሽቱ ደግሞ አራቱ ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ እንዳይገናኙ የመዳፍ ያህል አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ በሹል ጎኑ አዙሮ መሃል ላይ ያስገባ። ይህች ቁራጭ ሁለት ነገር ትሠራለች፤ ጭን ያለ ችግር ይከፈታል፣ የስፌት ቋጠሮውም ከመቀመጫችን ሥር ይነሳል። ከጠቅላላው ሥራ አንድ ነገር ብቻ ያሠሩ ብባል ይህችን እመርጣለሁ።

በጉልበቱ የውስጥ ጎን ለስላሳ የበግ ቆዳ ቢለጠፍ ሱሪው አይንሸራተትም፣ ቶሎም አያልቅም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው በጓንት ሠሪዎች ዘንድ በዓለም የታወቀ ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቁራጭ ማስመጣት አይከብድም። ቆዳው ከጉልበት በላይ አንድ ስንዝር ጀምሮ ከጉልበት በታች አራት ጣት እስኪወርድ ይበቃል። መለጠፍ ያለበት ጉልበቱ ታጥፎ ሳለ በጠመኔ ምልክት ከተደረገ በኋላ ነው፤ ቆማችሁ ምልክት ካደረጋችሁ ስትቀመጡ ቆዳው ከቦታው ይሸሻል።

ሴቶች ይህን ሁሉ እንዳለ ይውሰዱት፤ የሚለየው የወገብና የዳሌ ልዩነት ሰፊ መሆኑ ነው። በዳሌ ልክ የተሰፋ ሱሪ ወገብ ላይ ይሰፋል፣ በወገብ ልክ የተሰፋው ዳሌ ላይ አይገባም። ልኩ በዳሌ ይያዝና ወገቡ ከኋላ ላስቲክ ይግባበት። በድሮ ጊዜ የመኳንንት እመቤቶች በበቅሎ ሲጓዙ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ይለብሱ ነበርና ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሬም ቀሚስ ከላይ መደረብ የምትፈልግ ሴት በሁለት ጎን የተቀደደ ቀሚስ ብታሰፋ ሱሪዋ የሚሠራውን ሥራ አይከለክልም።

ከጉልበት በታች ያለው ክፍል የራሱ ጉዳይ ነው። የድሮው ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ ትንሽ ክብ እርካብ ውስጥ ያስገባ ነበር። እርካቡ ጠባብ፣ እግሩ ባዶ ስለሆነ ቢወድቅ እግሩ ውስጥ ተሰንቅሮ የሚጎተትበት ዕድል ትንሽ ነበር። ጫማ አድርገን ሰፊ እርካብ ስንረግጥ ግን አደጋው አብሮ ይመጣል። ጫማው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተረከዝ ይኑረው፤ ተረከዝ የሌለው ስኒከር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። እርካቡም ጫማውን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አትርፎ መያዝ አለበት። ከዚህ ከጠበበ እግር ይሰነቀራል፤ ከዚህ ከሰፋ ጫማው ሁሉ ያልፋል። የሚከራዩት ወይም የሚዋሱት ፈረስ እርካቡ የአውራ ጣት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የባቱ መሸፈኛ ገምባሌ ነው። ከአጭር ጫማ ጋር ሲደረግ የረጅም ቦት ጫማን ሥራ ይሠራል፤ ዋጋውም ያንሳል፣ ለመንገድም ይቀላል። ጥቅሙ የእርካቡ ጠፍር ባትን እንዳይቆነጥጥና እንዳይልጥ ነው። ልኩ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ባት ከሁሉ የሚሰፋበት ቦታ ዙሪያና ከወለል እስከ ቋንጃ ያለው ቁመት። ሁለቱም የሚለኩት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበት ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ፣ ሱሪው ተለብሶ ነው። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ የቀኝና የግራ ባት እኩል የሆነለት ሰው ብዙ አይደለም። የሚታዘዘው በትልቁ ልክ ነው።

ገምባሌ ሲዘጋ ትንሽ መታገል አለበት። ገና ከመጀመሪያው ያለ ችግር የሚዘጋ ከሆነ ቆዳው ሲላላ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወርዳል፣ በእግር ዙሪያም ይዞራል። ዚፑ የሚሆነው በውጭ ጎን ነው፤ በውስጥ ጎን ከሆነ ፈረሱንም ሰውየውንም ይልጣል። የላይኛው ጫፍ ከጉልበት እጥፋት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቅር፤ ቋንጃን የሚነካ ጫፍ በሶምሶማ ጊዜ በየእርምጃው ሥጋ ይቆርጣል። ረጅም የቆዳ ቦት ጫማ የምትገዙ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አዲሱ ቦት ቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተጨማደደ ሲለሰልስ ከቁመቱ ሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ አዲስ ሳለ ቋንጃን የሚነካው ቦት ነው ኋላ ልክ የሚሆነው። መጀመሪያ ላይ ተረከዙ ውስጥ ወፍራም ገበር አድርጎ መልመድ ቆዳን ከመላጥ ያድናል።

ለጁባ ነዋሪ እዚህ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙ የማትርቅ ቆላ ናት፤ እንጅባራ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ያለች ደጋ ናት፤ የጥር ማለዳዋ ደግሞ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ አለው። በጁባ ሙቀት ያበጠ ባት ላይ የተለካ ገምባሌ እንጅባራ ማለዳ ላይ ይላላል። በስስ ጨርቅ የተሰፋው ሱሪም በዚያ ብርድ አይበቃም። ሁለቱን አንድ ላይ መፍታት ይቻላል፤ ከሱሪው ሥር የሚለበስ ስስ የሚለጠጥ ገበር ሱሪ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ፣ ልኩን እርሱን ለብሳችሁ ውሰዱ። በገምባሌው የኋላ ጎን ከላይ እስከ ታች ሰፊ ላስቲክ ይግባበት። ቀኑ ሞቆ ገበሩን ብታወልቁት ላስቲኩ ይሰበስበዋል።

ሰልባጅ ውስጥ የፈረስ ሱሪ ካገኛችሁ ቁጥሩን አትመኑት፤ እንግሊዞች በአንድ ቁጥር፣ ሌሎች አውሮፓውያን በሌላ ቁጥር ይሰፋሉ፣ ታጥቦም ሊሰበሰብ ይችላል። የውስጥ ጉልበቱን ዳስሱ፣ የብሽሽቱን ስፌት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። ጨርቁን በሁለት እጅ ለጥጣችሁ ስትለቁት ወደ ቦታው ካልተመለሰ ላስቲኩ ሞቷል፤ መልኩ ቢያምርም ተዉት።

ሱሪው ከተሰፋ በኋላ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ፈትኑት። ቁጢጥ በሉ። አንድ ጉልበት ወደ ደረት አንሡ። ከዚያ በአግዳሚው ወንበር ላይ እግራችሁን ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ቶሎ አትነሡ፣ የሚጎረብጠው ነገር የሚታወቀው ከቆየ በኋላ ነው። ስትነሡ ሱሪውን አውልቃችሁ ቆዳችሁን እዩ። በጉልበት ውስጥ፣ በብሽሽትና በወገብ ላይ የስፌት ቅርጽ ያለው መስመር ታትሞ ካገኛችሁ ልብስ ሰፊው እዚያ ቦታ ላይ ይመለስበት። የውስጥ ሱሪውም ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ ጎኑ ላይ ወፍራም ስፌት ያለው የውስጥ ሱሪ የተዋጣለትን ሱሪ ሊያበላሽ ይችላል፤ በላብ የራሰ ጥጥ ደግሞ እንደ ወረቀት ተጣብቆ ይልጣል።

ሁለት ጊዜ ለመልበስና ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልጋልና ልብስ ሰፊውን በኅዳር አነጋግሩት። ለታኅሣሥ ከተውት የገና ሥራ ይደራረብበታል፤ በጥር የሚቀረው የጉዞ ጓዝ ብቻ ይሁን። እንጅባራ ስትደርሱም ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሳችሁ ፈረሱ ላይ አንድ ጊዜ ውጡና የእርካቡን ርዝመት አስተካክሉ፤ ጠፍሩ አንድ ቀዳዳ ሲያጥር ጉልበት የበለጠ ይታጠፋል፣ ሱሪውም ያንኑ ያህል ይሳባል።